ቅቤ የጠጣ ወፍጮ

ወረፋ መጠበቅ አልችልም። ተፈጥሮዬ ነው፤ እናቴ «ይች ይታይሽ መቀመጫዋ ላይ እሾህ በቅሎባታል» ትል ነበር። ባለፈው ዘመድ ልጠይቅ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ከአንዲት የዘመዴ ልጅ ጋር ወፍጮ ቤት ወረድን። ገና ከመድረሳችን ባለወፍጮው ሞተሩን አጠፋና «ድንጋዩ ዶልዱሟል፤ ሳልወቅረው አልፈጭም» አለ። ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። እሱ የላዩን ድንጋይ ገልብጦ በመሮ ይወቅረው ጀመር። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። የተፈነካከተ ድንጋይና የዱቄት ብናኝ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሰዉ ሁሉ ወሬውን ይዟል። እኔ ግን ብድግ አልሁና «ኧረ ቀስ በል፣ ይሰማል!» አልሁት። ባለወፍጮው ቀና ብሎ «ማን ይሰማል እማማ?» አለኝ። ጆንያውን ለልጅቱ ትቼ ወጣሁ።

ይሰሙ የነበሩት ሁሉ ከሞቱ ቆይተዋል። እኔ ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ጣሊያን አገራችን ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነው። ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወደ ብር ወንዝ በሚቀርበው በኩል ነበር። ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም ያኔ ገና አልወጣላትም። በቤቱ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። አባቴ ሞቷል። ማለቴ፣ ለጣሊያን ሞቷል። አርበኛ ሆኖ ዱር የገባ ሰው ቤቱ ይቃጠል ስለነበር፣ እናቴ መርዶ መጣልኝ ብላ አልቅሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ልብሷን ጥቁር ነክራ ተቀመጠች። መንደሩም አብሮ አለቀሰ። ማን እውነቱን አውቆ፣ ማን ሳያውቅ እንዳለቀሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ራሴ ለቅሶው ሲደምቅ ጊዜ እውነት መስሎኝ መሬት ላይ ተንከባለልሁ። እናቴ ጓዳ አስገብታ ቆነጠጠችኝና «አልሞተም፤ ግን አልቅሽ» አለችኝ። ይህ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከባድ ትእዛዝ ነው። ለወራት ሰው ፊት መሣቅም ማልቀስም እየፈራሁ፣ ከበር ጓዳ፣ ከጓዳ በር ስመላለስ ነው የኖርሁት።

የቤት ሥራዬ ወፍጮ ነበር። ወፍጮው ጓዳው ጥግ፣ ጭቃ መደብ ላይ የተተከለ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነው። በሁለት እጅ የሚያዘው የላዩ ድንጋይ መጅ ይባላል። ተንበርክኮ መጁን ወደ ፊት መግፋት፣ መመለስ፣ መግፋት፣ መመለስ ነው። አዲስ የተወቀረ ወፍጮ ፊቱ ሁሉ ብስክስክ ነው። ፈንጣጣ የያዘው ሰው ይመስለኝ ስለነበር፣ እናቴ በመውቀሪያዋ ስትወቅረው ድንጋዩን የምታሳምመው እየመሰለኝ አዝንለት ነበር። እየተፈጨበት ሲሄድ ጠባሳው ይጠፋና ፊቱ እየለሰለሰ ይመጣል። እኔ «ዳነ» እላለሁ። ለካ ያኔ ነው የሚሞተው። የለሰለሰ ወፍጮ እህሉን አይዝም፤ ገብሱ መጁ ሥር ይንከባለላል፣ ይሾልካል፣ ግማሹ ክክ ግማሹ ጥሬ ሆኖ ይወርዳል። ክንድ ይዝላል፣ ዱቄት ግን የለም።

ለዚህ መድኃኒቱ መወቀር ብቻ ነው። መወቀር ደግሞ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። የማን ወፍጮ መቼ እንደተወቀረ የመንደሩ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ሁለት ነፍስ የሚበላበት ቤት ወፍጮው ቶሎ አይለሰልስም። በየሳምንቱ ቷ ቷ የሚል ከሆነ ሦስተኛ አፍ አለ ማለት ነው። እናቴ ጾሙ ከገባ አንድ ጊዜ ወቅራ ነበር፤ የአባቴን ስንቅ ስንፈጭበት ከርመን እንደገና ለሰለሰ። አሁን መውቀሪያውን ማንሣት ቀርቶ ማየት ፈራች።

የምትፈራው በተለይ እትየ ደብሬን ነው። እትየ ደብሬ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ በልጅነታቸው ከባንጃ መጥተው የተዳሩ፣ ሲናደዱ በአገውኛ የሚያጉረመርሙ ረጅም ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ታከለ ለጣሊያን አድሮ የመንገድ ሥራ ካቦ ሆኗል። እሳቸውም ለጣሊያን ምሽግ ወታደር ዱቄት ይፈጫሉ። ስለዚህ የእሳቸው ወፍጮ በፈለገው ቀን ቢወቀር ማንም ጆሮ አይሰጠውም። የእሳቸው ጆሮ ግን አጥሩን አልፎ ጓዳችን የሚያድር ይመስለን ነበር። እናቴ በወቀረች ማግስት መንገድ ላይ አግኝተው «ትናንት ወቀርሽ መሰለኝ?» አሏት።

«ድንጋዩ አርጅቶብኝ ነው» አለች እናቴ።

«ተይው እንግዲህ። አሮጌ ድንጋይ ሲነካኩት ይሰበራል» ብለዋት ሄዱ።

እናቴ ይህን ማስፈራሪያ ነው ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔም ከዚያ ወዲያ እትየ ደብሬ ሲያስሉ እንኳ የሚቆጥሩብን ይመስለኝ ጀመር።

ሰኞ ዕለት እማሆይ መጡ። እማሆይ ከጅጋ እስከ ቡሬ እየዞሩ የሚለምኑ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። ለሰው ቁራሽ ይለምናሉ፤ ለእኛ የአባቴን ወሬ ያመጣሉ፣ ስንቁን ይወስዳሉ። በዚያ ቀን ደጃፍ ላይ «ስለ እመቤታችን» ብለው ከጮኹ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጥይት መንጋጋውን ጨርፎታል» አሏት ለእናቴ። «አለ፤ አይዞሽ። ግን ቆሎ አያኝክ፣ ቂጣ አይቆርስ። የላመ በሶ በውሃ ተበጥብጦ ካልሆነ ጉሮሮው አይቀበልም። እሱና ሰዎቹ ቅዳሜ ብርን ተሻግረው ቆላ ይወርዳሉ። እዚያ ደግሞ ማን ይፈጭለታል? ዓርብ እመለሳለሁ።»

እናቴ አላለቀሰችም። ጓዳ ገብታ ወፍጮውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ገብስ መቁላት ጀመረች።

ማክሰኞ ጠዋት እትየ ደብሬ እሳት ሊጭሩ መጡ። የእሳቸው እሳት ጠፍቶ እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ገል ይዘው ገቡ፣ ፍም ወሰዱ፣ የተቆላውን ገብስ አይተው ወጡ። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ቀኑን ሙሉ ቤት መዋል ስላልቻለች እንጨት ልልቀም ብላ ወጣች፤ እኔን «እንደምንም ሞክሪው» አለችኝ።

ሞከርሁ። ገፋሁ፣ መለስሁ። የወረደውን በወንፊት ብነፋው ዱቄቱ እፍኝ አይሞላም። በሙቀጫም ወቀጥሁት፤ ሙቀጫ ይሰብረዋል እንጂ አያልመውም። አባቴ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ይታየኛል። ተነሣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። በመጨረሻ ነገሩን በራሴ መንገድ አሰብሁበት። መዝጊያችን ሲጥ ሲጥ ሲል አባቴ ሞራ ያስነካውና ዝም ይል ነበር። የደረቀ ጠፍር ሞራ ሲጠጣ ይለሰልሳል። የእናቴ ፀጉር ሳይላጭ በፊት ሚዶው አልሄድ ሲል ቅቤ ትቀባዋለች፤ ያኔ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። በሌላ በኩል የጣሊያን ወታደሮች ጫማ ነበረ። አንዱ መንገድ ዳር ጫማውን ሲያወልቅ ሶሉን አይቻለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ሚስማር ተመትቶበታል። እንዳያንሸራትታቸው መሆኑን የነገረኝ የለም። ሚስማር ላይ የሚሄድ ሰው ምን ኃጢአት ሠርቶ ይሆን ብዬ አዘንሁለት። እንግዲህ በእኔ ዕውቀት ሻካራ ቅጣት ነው፤ ለስላሳ ጤና ነው። ወፍጮው የጎደለው ቅቤ ነው።

ከቅበላ የተረፈ ቅቤ በቅል ተደርጎ፣ እስከ ፋሲካ ማንም እንዳይነካው ቆጥ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አወረድሁት። ወፍጮውንም መጁንም እንደ ሙሽራ ቀባኋቸው። ገብስ አፈሰስሁና ገፋሁ።

መጁ በረረ! ከግድግዳው ተጋጭቶ ጣቴን ቀጠቀጠኝ። ቢያመኝም ሣቅሁ፤ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ሁለቴ ሦስቴ ወዲያ ወዲህ አመላለስሁትና ዱቄቱ ወደሚወርድበት ቋት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገብሱ አንድም ሳይሰበር፣ እያብለጨለጨ ተኝቷል። እንደገና ገፋሁ። ያው ነው። ውሃ አምጥቼ ባጥበው ቅቤው ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ተኛ። በአመድ ባሸው ጭቃ ሆነ። እንባዬ መጣ። ቅሉን መልሼ ሰቅዬ፣ እጄን በቅጠል ጠርጌ፣ ደጅ ወጥቼ ምንም እንዳላደረገ ሰው ቆምሁ።

እናቴ እንጨቷን እንኳ ሳታራግፍ ሸተታት።

«ቅቤ! በሁዳዴ!» ጓዳ ገብታ ጮኸች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ወፍጮው ድሮም አይፈጭም፤ አሁን ደግሞ ፍስክ ሆነ። በቅቤ በራሰ ድንጋይ የተፈጨ እህል ለጾመኛ አይቀርብም፤ አባቴ ደግሞ ቆስሎም ቢሆን ጾሙን እንደማይፈታ እናውቃለን። ወደ እኔ ዞረች። «ማን ገባ?»

እጄን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«ያች ሴትዮ!» አለች ራሷ። «እሳት ብላ ገብታ እጄን አስራኝ ሄደች። መተት ነው። የባሌን ጉሮሮ ዘጋችው!»

እኔ ነኝ ልል አልሁና ተውሁት። እትየ ደብሬን አልወዳቸውም፣ ይበላቸው አልሁ በልቤ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርሁ።

ረቡዕ የመንገድ ሥራ ተራችን ነበር። ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ ድንጋይ ይፈልጣል። እናቴ ጠዋት መጁን አንሥታ እኔን ባዘለችበት አንቀልባ ላይ አጋደመችው፤ አሰረችው፤ አዘለችው። በላዩ ነጠላዋን ጣል ስታደርግ ልጅ የታዘለ ይመስላል።

«መቶ መዶሻ በሚጮኽበት ቦታ አንድ መውቀሪያ ማን ይለያል?» አለችኝ። «የላዩ ይሻክር ብቻ። የታቹን ማታ በአሸዋ እፈትገዋለሁ። አንዱ ከነከሰ ይበቃል።»

ሥራው ቦታ ስንደርስ አቧራው ሰማይ ነክቷል። ባለፈው ክረምት የጣሊያን ካሚዮን እዚያ ቁልቁለት ላይ ጭቃው አንሸራትቶት ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር፣ መንገዱ ላይ ጠጠር ይነጠፋል። ታከለ አለንጋ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንዲት ሴት ከወንዝ የለቀመችውን ድንጋይ በእንቅብ ብታመጣ ደፋባት። «ድቡልቡል አልፈልግም! ጎማው ይንሸራተትበታል። ፍለጡት፤ ጥርስ ያለው አምጡ!» ይላል። እኔ እንቅቤን እንደያዝሁ ቆሜ ሰማሁት። ለእነሱ መንገድ ጥርስ ሲያበቅሉለት ይዋላል፣ የእኛ ወፍጮ ጥርስ እንዳያበቅል ተፈርዶበታል።

እናቴ ጉድባ ውስጥ ወርዳ መጁን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ ትወቅራለች። እውነትም ድምፁ በመዶሻው ውስጥ ጠፋ። ፊቱ ግማሽ ድረስ ብስክስክ ብሎ፣ ቅቤ የጠጣው ቆዳ እየተላጠ፣ የድንጋዩ ነጭ ብናኝ ጥቁር ልብሷ ላይ ይወርዳል። ሳላስበው ፈገግ አልሁ። ታከለ የእኔን ፈገግታ አየ፤ ዐይኔን ተከትሎ ጉድባው ውስጥ ተመለከተ።

«ምንድር ነው የያዝሽው?»

«ድንጋይ» አለች እናቴ።

«ይኸ መጅ ነው።»

«አሮጌ ነው ጌታው። የተጣለ ነው። ጠንካራ ነው ብዬ ለመንገዱ አመጣሁት።»

ታከለ ጥቂት አሰበ። ያውቅ ይሁን አይወቅ ከፊቱ አላነበብሁም። መዶሻ አንሥቶ ሰጣት። «እንግዲያስ ፍለጭው።»

ፈለጠችው። መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ ጠጠር እስኪሆን ድረስ እሱ እግሩን አንፈራጥጦ ቆሞ ጠበቃት። መጁ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው። ጠጠሩን በእንቅቤ ሞላችልኝ። ተሸክሜ ሄጄ መንገዱ ላይ ደፋሁት። ቤት ስንገባ መሬት ላይ በአፍ ጢሟ ተደፋች። እኔ አጠገቧ ቆሜ «እኔ ነኝ የቀባሁት» ልላት አፌን ከፈትሁ። «ሂጅ ከፊቴ፣ ልተኛበት» አለችኝ። ሄድሁ።

ሐሙስ ጠዋት እትየ ደብሬ ደጃፋችን ላይ ቆመው መንደሩ እስኪሰማ ጮኹ።

«ልጅሽን ስጭኝ! ለምሽጉ የምፈጭበት ክንድ አጥቻለሁ። ያን የቆላሽውንም ገብስ ጨምሪ! ሽታው አጥሩን አልፎ አፍንጫዬን ሰበረው። መበለት ለማን ነው ይኸን ሁሉ የምትቆላው?»

እናቴ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እምቢ ብትል ታከለ ይመጣል። ገብሱን በስልቻ ሞልታ አሸከመችኝ፤ ለእሳቸው «እግዜር ያይልኛል» ብቻ አለቻቸው። እሳቸውም ጆሮዬን ይዘው እየጎተቱ ወሰዱኝ። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ አየ።

ቤታቸው እንደገባን በሩን ዘጉ፤ ጆሮዬንም ለቀቁ።

«አመመሽ?» አሉኝ። «ሰው ፊት ስለሆነ ነው፣ ልጀ።»

ጓዳቸው ውስጥ የምሽጉ እህል በሁለት ስልቻ ተቀምጧል፤ ወፍጮው በዚያው ጠዋት ተወቅሯል። እጄን ይዘው መዳፌን ድንጋዩ ላይ ጎተቱት። ቆዳዬን ያዘው። መጀመሪያ እፍኝ ገለባ አፍስሰው «እሱን ፍጭና ድፊው። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ አሸዋ ይተፋል። አባትሽ አፉ ቁስል ነው፣ አሸዋ አይገባበትም» አሉ።

ደንግጬ ተነሣሁ። «አባቴ ሞቷል!»

«እሱማ ሞቷል» አሉ እትየ ደብሬ ገለባውን እየበተኑ። «የሞተ ሰው በሶ ሲወድ አታውቂም? እማሆይ እናንተ ጋ ሳይደርሱ ነው የኔን በር የሚያንኳኩ። ፍጭ፤ ቀኑ አይበቃንም።»

ፈጨሁ። መጁ ከባድ ነው፤ ወደ ኋላ የሚይዘኝ ይመስላል። ግን በእያንዳንዱ ግፊት ገብሱ ይጮኻል፣ ይሰበራል፣ ይልማል። ዱቄቱ ሞቅ ብሎ ቋት ውስጥ ሲወርድ በጣቴ ነካሁት፤ እንደ አመድ ብን ይላል። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ መግፋቴን ሳላቆም «እትየ፣ ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ። እናቴ እርስዎን ነው የጠረጠረች» አልኋቸው።

«የምን ቅቤ?»

ነገርኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ሣቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሣቁ። «ወፍጮ ቅቤ ትቀቢያለሽ? በሁዳዴ? አየ ልጅነት! ለስላሳና ለስላሳ ሲገናኝ ይተላለፋል እንጂ መች ይያያዛል? ቅቤ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቅም። እህል የሚላም ሻካራ ሲያገኝ ነው።»

«ታዲያ ለእናቴ ልንገራት? እርስዎ ደግ ነዎት ልበላት?»

ሣቃቸው ቆመ። አጠገቤ ቁጭ ብለው መጁ ላይ እጃቸውን ጣሉ።

«ስሚኝ። ታከለ ልጀ ነው፤ እወደዋለሁ። ሥራውን አልወድም። አባትሽን ደግሞ ከነሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። አንዱ አንዱን የገደለ ቀን እኔ በቁሜ ሞትሁ። እናትሽ የዛሬውን ብታውቅ ልትስመኝ ትመጣለች። ስትስመኝ ታከለ ያያል። ታከለ ካየ ወይ ልጀን ወይ እናንተን ልመርጥ ነው። እንዳታስመርጭኝ።»

«እሺ» አልሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፈጨን።

ዓርብ እማሆይ ደጃችን መጡ። እናቴ ባዶ እጇን ወጣችና «እማሆይ፣ የለኝም፤ ቀሙኝ» አለች። እማሆይ ጎንበስ ብለው «ደርሶኛል። የላመ ነው። ከየት አትበይኝ» አሏትና መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ሄዱ።

እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። ትናንት ከእትየ ደብሬ ቤት ስመለስ ቅንድቤ ላይ የነበረው ዱቄት አሁን የገባት ይመስለኛል። ትከሻዬን ያዘችኝ። ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ ቅቤውንም ጨምሬ። በጥፊ መታችኝ፤ ያንኑ ጉንጬን ወዲያው ሳመችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሮጠች። «እግራቸው ላይ እወድቃለሁ! ምን ስላቸው ነው የከረምሁት!»

በሩ ላይ ቆምሁባት። በሕይወቴ እናቴን ገፍቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ገፋኋት። «አትሂጅ! እንዳታስመርጫቸው!» ብዬ እትየ ደብሬ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኋት። እናቴ መዝጊያው ሥር ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ከሁሉ ይከፋል። አባቴ ስንቁ ይድረሰው አይድረሰው አናውቅም። እናቴ ያዘችውን ትጥላለች፤ እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ እንስራ ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ታከለ «የመበለቲቱን ልጅ ለምን ቤታችን አስገባሽ?» ሲል ሰማን። እትየ ደብሬ የመለሱለት አልተሰማንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታከለ በደጃችን ሲያልፍ ይቆማል።

ሆሣዕና ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ዘንባባ ይዟል። እናቴና እኔ ቅጽሩ ሥር ቆመናል። እማሆይ እየለመኑ መጥተው እጃቸውን ዘረጉልንና ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ጠጥቶታል። መንጋጋው እየገጠመ ነው። ስምሽን ጠራ» አሉ፤ አለፉ።

እናቴን አየኋት። ፊቷ በራ። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሷ ሊታይ ነው፣ ዐይኗ ሞልቷል። ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር የለበሰች መበለት፣ በሰው መካከል፣ ልትሥቅ ነው። ከፊታችን፣ ከአሥር እርምጃ የማይርቅ ቦታ፣ ታከለ ከእናቱ ጋር ቆሞ ቀጥ ብሎ ያያታል። እኔ ቀሚሷን ጎተትሁ። ፊቷን የምትደብቅበት ቦታ አልነበረም።

ያን ጊዜ ዘንባባውን ጣለችና እትየ ደብሬ ፊት ሄዳ ቆመች። ታላቂቱን ሴት አንቱ እንጂ አንች ብላ አታውቅም።

«አንች የባንዳ እናት!» አለች፤ ግቢው ሁሉ ዞረ። «ገብሴን የቀማሽኝ! የልጄን ጉልበት የበላሽ! ይኸን ከምትወልጅ ድንጋይ በወለድሽ!» እንባዋ አሁን በነፃ ይወርዳል። ሴቶች ራሳቸውን ያዙ። ታከለ አለንጋውን አነሣ።

እትየ ደብሬ ክንዱን ያዙት። «ተዋት» አሉ ጮኽ ብለው። «ባሏ ሞቶባት ያበደች ናት። ተዋት ልጀ፣ የሞት እብድ ናት።» ጎትተውት ሄዱ። ታከለ ዞር ዞር እያለ አየን፤ ከዚያ ማየቱን ተወ። ሴቶቹ እናቴን ከበው «አይዞሽ፣ እግዜር ያጥናሽ» ይሏት ጀመር።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ ትሄዳለች። መንታ መንገዱን አልፈን ሰው ሲጠፋ ቆመች። ጉንጯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ይታይሽ፣ ደህና አድርጌ ሰደብኋቸው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት።